ግልጽ ደብዳቤ፦ ደረታቸው ላይ ቱቦ ይዘው ወደ ሰፈር ስለሚመለሱ ሕመምተኞች

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ፣ እንዲሁም እነዚህን ቱቦዎች ለምታስገቡ ሆስፒታሎች፤

ጤና ይስጥልኝ።

ነርስ ነኝ። ከተማው ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ፈርቼም ነው። ዋናው ግን የእኔ ስም ከተጻፈ ስለማን እንደማወራ ብሎካችን በሙሉ ስለሚያውቅ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ከሰው አፍ ማረፍ አለባት።

ነገሩ የጀመረው በፌስታል ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ውስጡ ሲሪንጅ፣ አንድ ከረጢት ሳላይን (ከጀርም የጸዳ ጨዋማ ውሃ)፣ የአልኮል ጥጥና አራት የታጠፈ ወረቀት አለ። «ሲስተር፣ በእናትሽ ልጄን አንዴ እጠቢልኝ» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ የሚታጠበው ቱቦው ኖሯል።

ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው። የደም ካንሰር አለባት፣ ኬሞ ጀምራለች። ከአንገት አጥንቷ ዝቅ ብሎ ኬሞው የሚሰጥበት ነጭ ቱቦ ይወጣል። ጫፉ ላይ ሁለት ጭራ አለው፤ አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ። እናቷ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳ ትንሽ የጨርቅ ኪስ አሰፍታለት ልጅቷ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። «ቦርሳዬ» ነው የምትለው። ወረቀቱን ስገልጠው በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር፦ በየሳምንቱ ይታጠብ፣ መሸፈኛው ይቀየር። ከስሩ ማኅተም። ስልክ የለ፣ ማን ይጠብ የሚል የለ፣ በምን ይጠብ የሚል የለ።

እውነቱን ልናገር። እንዲህ ዓይነት ቱቦ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ኮሌጅ እያለሁ በስላይድ አይቼዋለሁ፣ ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣ ረስቼዋለሁ። ያን ማታ «አልችልም፣ ሆስፒታል ውሰጃት» ማለት ነበረብኝ። ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ሴትየዋ ጉሊት ነው የምትነግደው። ሆስፒታል ለመሄድ ከእኛ ሰፈር ሁለት ታክሲ ነው፣ ሰልፉ ተጨምሮ ቀኑ ያልቃል፣ ያ ቀን ደግሞ ለእሷ እንጀራዋ ነው። ነርስ ተብዬ በሩ ላይ ቆሜ አልችልም ልበላት? አፈርኩ። ገባሁና አጠብኩት።

እንዴት አጠብኩት? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያን ቀን የእኛ ተራ አልነበረም፤ ከጀሪካን ቀድቼ እጄን ለቅለቅ አደረግኩ። ስቴራይል ጓንት አልነበረኝም። የቱቦውን ክዳን በአልኮል ጥጥ አንዴ ዳበስኩት፣ ልክ ክንድ ላይ መርፌ ልንወጋ ስንል እንደምናደርገው። ሳላይኑን ገፋሁት፣ ገባ። እናትየው ግንባሬን ስማ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። በሦስተኛውም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነበር ያጠብኩት። ሳላይኑ ያው በመጀመሪያው ሳምንት የተከፈተው ነው። «ገና ግማሽ አለው» ብላ ወጥ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጣው ነበር፤ እኔም አየሁት፣ ምንም አላልኩም። 2 ሰዓት ላይ ልጅቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሦስት ብርድ ልብስ አልበቃት አለ። እናቷ እኔን መቀስቀስ ስላልፈለገች («ውላ የደከመች ሰው ናት» ብላ!) በቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ትኩሳት 39 ተኩል። ደም ተወሰደ። ውጤቱ? ታይፎይድ።

ወገኖቼ፣ እዚህ አገር ትኩሳት ይዞ ክሊኒክ የገባ ሰው ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል የወጣበትን ቀን ንገሩኝ። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ድሮ ያለፈ ነገርንም ይዞ «አለ» ሊል ይችላል። በዚህ ላይ ያለኝን ለሌላ ደብዳቤ አቆየዋለሁ። የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ፀጉሯ ረግፏል፣ ደረቷ ላይ ቱቦ ተንጠልጥሏል፣ እናቷ «ኬሞ ላይ ናት» ብላለች፤ አንድ ሰው እንኳ ሸሚዟን ገልጦ አላየም። የትኩሳት ማስታገሻና የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሰጥተው ወደ ቤት ላኳት። እነሱንም ብዙ አልኮንናቸውም፣ እኔ ከእነሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ 6 ሰዓት ሲሆን፣ በሬ ተንኳኳ። ልጅቷን ሳያት እጇ ቀዝቅዟል፣ ልቧ ይሮጣል፣ ስጠራት በዝግታ ነው የምትመልስልኝ። አምቡላንስ አላገኘንም። ብሎካችን ላይ ሚኒባስ ያለው ሰው አለ፤ በቁምጣው ወርዶ አስነሳልን፣ እግዜር ይስጠው። ሆስፒታል 7 ሰዓት ገደማ ደረስን። ከዚያ ካርድ አውጡ ተባልን። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ የድሮ ካርዷን ፈለገ፣ ጠፋ፣ አዲስ ይውጣ ተባለ፣ ዝርዝር የለም ተባለ። አንቲባዮቲኩ በደም ስሯ ሲገባ 9 ሰዓት ሆኗል። ከመንቀጥቀጡ 7 ሰዓት በኋላ ማለት ነው።

እንደዚህ ዓይነት ሕመምተኛ የጤና ተቋም በር ከረገጠበት ደቂቃ ጀምሮ በ1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ስሩ መጀመር አለበት። ይህ የሐኪሞች መመሪያ ነው፣ የእኔ ምኞት አይደለም። ለምን እንደሆነ ለሚያነብ ሰው ሁሉ ግልጽ እንዲሆን ትንሽ ላብራራ፣ እናንተ ቢሮ ያላችሁት ብታውቁትም ታገሱኝ።

የተለመደው ካኑላ፣ መድኃኒት በደም ስር የሚሰጥበት ትንሹ ቱቦ፣ ክንድ ላይ ገብቶ በቀናት ውስጥ ይወጣል። ይህኛው ወራት ይቆያል። ከቆዳ ስር ተስቦ አንገት አካባቢ ትልቅ ደም ስር ውስጥ ይገባና ጫፉ ልብ አፋፍ ላይ ያርፋል። ቆዳ ስር ባለው ክፍል ላይ ትንሽ የጨርቅ ቀለበት አለችው፤ በሳምንታት ውስጥ ሥጋ ይበቅልባትና ቱቦውን አጥብቃ ትይዛለች፣ ከውጭ በቆዳው በኩል ለሚመጣ ጀርምም መንገድ ትዘጋለች። በክዳኑ በኩል ለሚገባው ግን ቀለበቷ ምንም አታደርግም። ክዳኑ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እኔ ሳላይን ስገፋ አብሮ ይገፋል፣ ቀጥታ ልብ አጠገብ።

ገብቶም ዝም ብሎ አይዞርም። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና በላዩ ላይ ዝልግልግ ነገር ይሸፍናል። ጀሪካን ለረጅም ጊዜ ውሃ ሲያዝበት ውስጡ የሚይዘውን ሙልጭልጭ አታውቁትም? እኛ ዳር ያለን እናውቀዋለን። ውሃ ጨምረህ ብታንቀጠቅጠው አይለቅም። አንቲባዮቲክም ቱቦው ውስጥ ያለውን እንደዚያ በቀላሉ አያስለቅቀውም። ቱቦው በታጠበ ቁጥር ከዚያ ላይ እየተቦጨቀ ወደ ደም ይሄዳል። ቱቦ ታጥቦ ብዙ ሳይቆይ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከሁሉ በፊት ጣቱን ወደ ቱቦው የሚቀስረው ለዚህ ነው። እኔ ነርሷ ይህን የማውቅ ቢሆን ኖሮ ለእናትየው «ካጠብኩት በኋላ ብርድ ካላት በሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺኝ» እላት ነበር።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ነጭ የደም ሴሎቹ ተረባርበው ይከላከሉለታል። ኬሞ የሚወስድ ሰው ግን ኒውትሮፊል የሚባሉት ሴሎቹ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች የሚወርዱባቸው ቀናት አሉ። መግል የሚሠራው ከእነዚሁ ሴሎች ነው። እነሱ ከሌሉ መግል የለም፣ ብዙ ጊዜ መቅላቱም እብጠቱም የለም። ቱቦው የወጣበት ቦታ ንጹህ፣ ደረቅ፣ የሚያምር ሆኖ ልጅቷ እየሞተች ሊሆን ይችላል። የሚቀረው ምልክት ብዙ ጊዜ ትኩሳት ብቻ ነው። 38.3 አንዴ ከታየ፣ ወይም 38 ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ይህ ጉንፋን ነው ታይፎይድ ነው ተብሎ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። ሳይለኩ የትኩሳት ማስታገሻ መስጠት ደግሞ ያቺን አንዷን ምልክትም መደበቅ ነው።

የሌሊቱ ተረኛ ዶክተር ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው። ከቱቦውም ከክንዷም ደም ወስዶ ለካልቸር፣ ጀርሙን አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ፣ ላከ። ውጤቱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ፦ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ። ይህ ጀርም የሚኖረው ሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ ነው። የእኔ እጅ ይሁን፣ የእናትየው ይሁን፣ የልጅቷ የራሷ ቆዳ ይሁን ማንም አይነግረኝም። ግን «እጅሽ ይባረክ» የተባለው የእኔ እጅ ነው፣ ስለዚህ እሱን ይዤ ነው የማድረው። ስታፍ ሲሆን ቱቦው ይወጣል፤ ወጣ። 14 ቀን አንቲባዮቲክ በክንዷ ወሰደች። ኬሞው ሦስት ሳምንት ዘገየ። ልጅቷ ግን ተርፋለች፣ ተመስገን።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ ማታ ማታ በስልኬ። ያነበብኩት ነገር ግማሹ አናደደኝ፣ ግማሹ አሳፈረኝ፣ ምክንያቱም ከባድ ነገር አይደለም። ክዳኑ በአልኮል ቢያንስ 15 ሰከንድ መፈተግ አለበት፣ ከዚያ በራሱ መድረቅ አለበት፤ እኔ 2 ሰከንድ ነው የዳበስኩት። ቱቦው የወጣበት ቆዳ የሚጸዳው በአልኮል በተበጠበጠ ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ቢሆን ይመረጣል። በጎዝ ከተሸፈነ በየ2 ቀኑ፣ ግልጽ በሆነው ፕላስተር ከተሸፈነ በየ7 ቀኑ ይቀየራል፣ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ግን ያኔውኑ። ሲሪንጁ ከ10 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም፣ ትንሹ ሲሪንጅ የሚፈጥረው ግፊት ቱቦውን ሊቀድ ይችላል። ሳላይን አንዴ ከተከፈተ ለሚቀጥለው ሳምንት አይቀመጥም። መቀስ አጠገቡ አይደርስም። ይኸው ነው። አንድ ከሰዓት የሚበቃው ሥልጠና ነው! ለ9 ዓመት የተላክሁባቸውን ሥልጠናዎች ስቆጥር፣ ግማሾቹ ሪፖርት አጻጻፍ ናቸው፣ ይህ ግን አንድም ቀን አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ ፒተር ፕሮኖቮስት የሚባል ሐኪም በሚሺጋን ግዛት ከ100 በላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ አምስት ነገር ብቻ አስተገበረ፦ እጅ መታጠብ፣ ቱቦ ሲገባ ሙሉ መከላከያ መልበስና መሸፈን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ በብሽሽት በኩል አለማስገባት፣ የማያስፈልግን ቱቦ ቶሎ ማውጣት። በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲታተም ከቱቦ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀንሶ ነበር። አውቃለሁ፣ ያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፣ እኔ የማወራው ስለ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው። አዲስ ማሽን ግን አልገዙም። አንድ ተጨማሪ ነገር አደረጉ፦ ቆጠሩ። በ1000 የቱቦ ቀን ስንት ሰው ታመመ ብለው። 50 ሰው ለ20 ቀን ቱቦ ከያዘ 1000 ቀን ነው፣ ይኸው ሂሳቡ። እናንተስ ትቆጥራላችሁ? የጎረቤቴ ልጅ የትኛው መዝገብ ላይ ገባች? ክሊኒኩ ላይ ታይፎይድ ተብላ ተመዝግባለች።

ቱቦ አታስገቡ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቪንክሪስቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል። የዚህች ልጅ የክንድ ደም ስሮች ደግሞ ከአሁኑ ተሰባብረዋል። አሁን ቱቦ ስለሌላት ነርሶቹ በየጊዜው አራት አምስት ቦታ ይወጓታል፤ ማልቀስ አቁማለች፣ ዝም ብላ ግድግዳ ነው የምታየው፣ እናቷን ከልቅሶው ይልቅ ይህ ነው የጎዳት። ቱቦ ያስፈልጋታል።

የምጠይቃችሁ ከባድ አይደለም። ቱቦ ያስገባ ሆስፒታል ሕመምተኛውን ወደ ቤት ከመላኩ በፊት ለቤቱ ቅርብ የሆነ ጤና ጣቢያ ይምረጥ፣ እዚያ ያለችን አንዲት ነርስ በስም ይወቃት፣ ይደውልላት። አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ሁለት ሰው ብታሠለጥኑ ይበቃል፣ አንዷ ወሊድ ብትወጣ ሌላዋ እንድትኖር። ክሎርሄክሲዲንና ግልጽ ፕላስተር እስከ እኛ ድረስ ይምጣ፤ አሁን እናትየው ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረች በራሷ ብር ነው የምትፈልገው፣ ስታጣ ደግሞ የሱቅ ፕላስተር ትለጥፋለች። ወረቀቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። የእኛ ሰፈር ሰው ሁለቱንም ነው የሚናገረው፣ በእንግሊዝኛ የታመመ ሰው አላየሁም።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ካርድ ስጧቸው። ቀይ ይሁን ቢጫ ይሁን ግድ የለኝም። ላዩ ላይ «ይህ ሕመምተኛ ኬሞ ላይ ነው፣ ቱቦ አለው፣ ትኩሳት ካለው ሰልፍ አያስፈልገውም፣ ከቱቦውና ከክንዱ ደም ይወሰድ፣ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ» ይበል፣ ማኅተም ይኑረው። እዚህ አገር ማኅተም ያለው ወረቀት ጥበቃውንም ካርድ ክፍሉንም ያሳልፋል። እናትየው ያን ሌሊት የነበራት ልመናና እንባ ብቻ ነው።

ስለ ጸበልም ዝም አልልም፣ ምክንያቱም ሐኪሞች ዝም ስለሚሉ ነው ሰው የሚደብቀው። ልጅቷ ቱቦው እያለባት ቤተሰቡ እንጦጦ ሊወስዳት አስቦ ነበር። ስሰማ ደነገጥኩ፣ «እንዳትሞክሩት» ብዬ ተቆጣሁም። ጥሩ አልሠራሁም፣ አያትየው ተቀይመውኝ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈጉኝ። በኋላ ነገሩን የጨረሱት የንስሐ አባታቸው ናቸው። እጇና እግሯ ይታሸት፣ ቱቦው ያለበት ደረቷ ግን እንዳይነካ አሉ። አለቀ። ቱቦ ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ገላ ሲታጠቡም በላስቲክ ተሸፍኖ ነው። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ቱቦው የሚገባ ቀን ነው መነገር ያለበት እንጂ እኔ ደረጃ ላይ ቆሜ መሆን አልነበረበትም።

እኛ ብሎክ ውስጥ አንገታቸው ላይ የዲያሊሲስ ቱቦ ያለባቸው አባትም አሉ። የእሳቸው በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ይከፈታል፣ የኩላሊት ሕመምም የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ክንዳቸው ላይ ፊስቱላ (ሁለት ደም ስሮችን በቀዶ ሕክምና አገናኝቶ ቱቦውን የሚተካ) ይሠራ ከተባለ ቆይቷል፣ ወረፋ ላይ ናቸው። እሱን እዚህ አላስገባውም፣ ግን ካርዱ ለእሳቸውም ይሆናል።

ለልጅቷ ሁለተኛ ቱቦ ይገባል ተብሏል፣ ደሟ ከተስተካከለ በሚቀጥለው ወር። እናትየው ትናንት ደረጃ ላይ አግኝታኝ «አንቺ ታጥቢልኛለሽ አይደል?» አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ሥልጠናውን የሚሰጠኝ ካለ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ፣ በራሴ ትራንስፖርት እመጣለሁ፣ አበል አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቱሉ ዲምቱ ነርስ